አዲስ አበባ ክልል ካልሆነች ምርጫ ክልል ከየት አመጣች?

አንዲት እናት የላኩልኝ ጥያቄ ይህ ነው፦ «ልጄ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። በሬዲዮ “ምርጫ ክልል” ሲባል ሰምታ “እማዬ፣ እኛ ምርጫ ክልል የለንም አይደል?” አለችኝ። ለምን እንዲህ እንዳለች ስጠይቃት “መምህራችን አዲስ አበባ ክልል አይደለችም፣ ከተማ አስተዳደር ናት ብላናለች” ብላ መለሰችልኝ። የምላት አጣሁ። እኔም ነገሩን አጥርቼ እንደማላውቀው የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ለልጅ በሚገባ መንገድ እንዴት ላስረዳት?»

እኅቴ፣ ከሁሉ አስቀድመው ልጅዎን «እንኳን ጠየቅሽ» ይበሉልኝ። በትምህርት ቤት የተማረችውን በሬዲዮ ከሰማችው ጋር አስተያየችው፤ ሁለቱ አልገጥም ሲሏት ዝም ብላ አላለፈችም። ለረጅም ዓመታት ሥነ ዜጋ አስተምሬአለሁ፤ ምርጫ በደረሰ ቁጥርም ለመራጮች ትምህርት ስሰጥ ኖሬአለሁ። ይህን ያህል የጠራ ጥያቄ ከአዋቂ የሰማሁት ጥቂት ጊዜ ነው። ጥፋቱ የልጅቱ አይደለም፤ የመምህሯም አይደለም። ጥፋት ካለ የቃሉ ነው።

«ከለለ» ጋረደ፣ ዙሪያውን ለይቶ ወሰነ ማለት ነው። ስለዚህ ወሰን የተበጀለት ነገር ሁሉ ክልል ሊባል ይችላል። የአየር ክልል እንላለን፤ ለዱር እንስሳት የተጠበቀውን ስፍራ ጥብቅ ክልል እንላለን። የፌዴራል ሥርዓቱ ከተዘረጋ ወዲህ ግን ቃሉን ከሁሉ በላይ የወሰዱት እነ አፋር፣ እነ ሶማሌ፣ እነ ኦሮሚያ ናቸው። ዛሬ አንድን ሕፃን «ክልል» ቢሉት በዓይነ ልቦናው የሚመጣለት በመማሪያ ክፍሉ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ባለ ቀለም ካርታ ነው። «ምርጫ ክልል» ደግሞ በዚያው ቃል የሚጠራ ሌላ ነገር ነው። ለልጅዎ እንዲህ ይበሏት፦ በክፍልሽ ሁለት ልጆች አንድ ዓይነት ስም ቢኖራቸው እኅትማማቾች ናቸው ማለት ነው? አይደለም፤ ሞክሼዎች ናቸው። ክልልና ምርጫ ክልልም እንደዚሁ ሞክሼዎች ናቸው። ሞክሼ የሚለውን ቃል ልጆች ይወዱታል፤ አንድ ጊዜ ከያዙትም አይለቁትም።

ቀጥተኛው መልስ እንግዲህ ይህ ነው፦ አላችሁ። አዲስ አበባ ክልል ሳትሆን ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት 23 ምርጫ ክልሎች አሏት። ድሬዳዋም ከተማ አስተዳደር ሆና 2 አሏት። ሐረሪ 2፣ ጋምቤላ 3፣ አፋር 8 አሏቸው፤ አማራ 138፣ ኦሮሚያ 178 አሏቸው። የአገሪቱ ሁሉ ሲደመር 547 ይሆናል። ምርጫ ክልል ክፍለ ከተማም አይደለም፤ አዲስ አበባ 11 ክፍለ ከተሞች ሲኖሯት ምርጫ ክልሎቿ 23 መሆናቸው ይህን ይነግራል። ሁለቱ ሞክሼዎች የተለያዩ መሆናቸውን በቅርቡ የሆነው ነገር ይበልጥ ያሳያል። የቀድሞው የደቡብ ክልል 123 መቀመጫ ነበረው። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ሲዳማ፣ ቀጥሎ ደቡብ ምዕራብ፣ ከዚያም ደቡብ ኢትዮጵያና ማዕከላዊ ኢትዮጵያ እየሆነ ለአራት ተከፈለ። በካርታው ላይ ክልሎቹ ሲበዙ የምክር ቤቱ መቀመጫ ግን ያው 547 ነው።

ለልጅ ግን በቁጥርም በካርታም አይጀምሩ። በካርታ የጀመርኩባቸው ዓመታት ነበሩ፤ ልጆቹ መስመሩን ሲያዩ አጥር መሰላቸው። አንዱ ተማሪ «ታዲያ በዚያ በኩል ያለው ዳቦ ቤት መሄድ አይቻልም?» ብሎ ጠይቆኛል። የምርጫ ክልል ወሰን ማንንም አያግድም። በአንድ መንገድ ግራና ቀኝ የሚኖሩ ሁለት ጓደኛሞች በሁለት ምርጫ ክልል ሊሆኑ ይችላሉ፤ አብረው ኳስ ይጫወታሉ፣ አንድ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ፣ ልዩነታቸው የሚታየው ወላጆቻቸው ድምፅ ሊሰጡ በሚሄዱበት ቀን ብቻ ነው። ስለዚህ በወንበር ይጀምሩ።

አራት ኪሎ ያለውን ባለ ሰዓት ማማ ሕንጻ ልጅዎ በታክሲ ስታልፍ አይታው ይሆናል። እዚያ የሚሰበሰበው ምክር ቤት 547 መቀመጫ አለው። የአገሩ ሰው ሁሉ ገብቶ መቀመጥ አይችልም፤ ሁሉም ልናገር ቢል ማንም አይሰማም። ስለዚህ ሕዝቡ በ547 ቡድን ይከፈላል፤ እያንዳንዱ ቡድን አንድ ወንበር ይሰጠዋል፤ በዚያች ወንበር ላይ ማን እንደሚቀመጥ ቡድኑ ራሱ ይመርጣል። ያ ቡድን የሚኖርበት ስፍራ ነው ምርጫ ክልል የሚባለው። አንዲት ወንበር፣ የወንበሯ ባለቤት የሆኑ ብዙ ሰዎች፣ እነርሱ የሚልኩት አንድ ሰው፤ ለዘጠኝ ዓመት ልጅ ይህ ይበቃል። በአምስት ዓመት አንድ ጊዜ ወንበሯ ለምርጫ እንደምትመለስ ይጨምሩላት፤ የተቀመጠው ሰው የተዋሳት እንጂ የራሱ ያደረጋት እንዳልሆነ ወዲያው ይገባታል።

አሁን ወደ ወጥ ቤት ይግቡ። ሦስት ስኒና አንድ ሰሃን ያዘጋጁ፤ ባቄላ፣ ሽምብራና ምስር ይያዙ። ሦስቱ እህሎች ሦስት ተወዳዳሪዎች ናቸው፤ እያንዳንዷ ፍሬ የአንድ ሰው ድምፅ ናት። ስኒዎቹ ምርጫ ጣቢያዎች ናቸው፤ ሰው ተሰልፎ፣ ጣቱን የማይለቅ ቀለም ተቀብቶ ድምፁን የሚሰጥባቸው ማለት ነው። ሰሃኑ ምርጫ ክልሉ ነው። በመጀመሪያው ስኒ 6 ሽምብራ፣ 5 ባቄላ፣ 1 ምስር ያድርጉ። በሁለተኛው 5 ሽምብራ፣ 4 ባቄላ፣ 3 ምስር። በሦስተኛው 1 ሽምብራ፣ 7 ባቄላ፣ 4 ምስር። ልጅዎ እያንዳንዱን ስኒ ራሷ ትቁጠር፤ ውጤቱንም በወረቀት ጽፋ በስኒው ፊት ታቁም። እውነተኛውም ቆጠራ በየምርጫ ጣቢያው ተካሂዶ ውጤቱ እዚያው ደጃፍ ላይ ይለጠፋል፤ ከዚያ ነው ወደ ምርጫ ክልሉ ጽሕፈት ቤት ተወስዶ የሚደመረው። ከሦስቱ ስኒዎች በሁለቱ ሽምብራ ቀደመ። ልጅዎ «ሽምብራ አሸነፈ!» ማለቷ አይቀርም። ይተዉአት፤ አይናገሩ። ከዚያ ሦስቱንም ስኒዎች ወደ ሰሃኑ ትገልብጣቸው፤ እንደገና ትቁጠር። ሽምብራ 12፣ ባቄላ 16፣ ምስር 8። ወንበሯን የወሰደው ባቄላ ነው።

እዚህ ላይ አይቸኩሉ። ፊቷን ይመልከቱ። የምርጫ ክልል ትርጉም የሚገባት አሁን ነው፤ የሚቆጠረው የሰሃኑ ድምር መሆኑ፣ ስኒው ደረጃ እንጂ መጨረሻ አለመሆኑ። ቀጥሎም ጎበዝ ልጅ ከሆነች ሌላ ነገር ታያለች። ፍሬዎቹ 36 ናቸው፤ ባቄላ ያገኘው 16 ነው። ባቄላን ያልመረጡት 20 ናቸው! ይህ ስህተት አይደለም። በሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 54 መሠረት በአንድ ምርጫ ክልል ከተወዳደሩት መካከል አብላጫ ድምፅ ያገኘው ያሸንፋል፤ ከግማሽ በላይ እንዲያገኝ አይጠየቅም፤ ከሌሎቹ ከእያንዳንዳቸው መብለጡ ይበቃዋል። በዚህ መንገድ የማይመርጡ አገሮች አሉ፤ ፓርቲዎች ባገኙት ድምፅ መጠን መቀመጫ የሚካፈሉባቸው። የእኛ መንገድ ጥቅሙ ሰው «የእኔ ተወካይ ማን ነው?» ብሎ ሲጠይቅ አንድ የታወቀ ሰው ማግኘቱ ነው። ዋጋው ደግሞ እነዚያ 20 ፍሬዎች ናቸው። ለልጅም ቢሆን ሁለቱን አብሮ መናገር ይገባል ብዬ አምናለሁ።

ይህንኑ ጨዋታ በአራተኛ ክፍል ሳሠራ ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ ተነሥቶ «ለተሸነፉት ሽምብራዎች ማን ይናገርላቸዋል?» አለ። ክፍሉ ጸጥ አለ። ያን ቀን የመለስኩለትን ዛሬም እመልሳለሁ፦ ባቄላው ይናገርላቸዋል፤ ግዴታው ነው። ያው አንቀጽ 54 የምክር ቤቱ አባላት የመላው ሕዝብ ተወካዮች መሆናቸውን፣ ተገዢነታቸውም ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናቸው መሆኑን ይደነግጋል። የመረጠውም ያልመረጠውም፣ ድምፅ ለመስጠት ያልደረሰው ሕፃንም፣ የዚያች ወንበር ባለቤት ነው። መራጩ ሕዝብ በተወካዩ ላይ እምነት ካጣ ከወንበሯ ሊያነሣው እንደሚችልም እዚያው ተጽፏል። ልጁ ራሱን ነቅንቆ ተቀመጠ። አልረካም ነበር፤ አለመርካቱንም ወድጄለታለሁ።

ተወካዩ የሚሠራውን ግን አሳጥረው ይንገሯት። ሕግ ያወጣል፣ የአገሪቱን በጀት ያጸድቃል፣ ሚኒስትሮችን ጠርቶ ይጠይቃል። ምክር ቤቱ በመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ይከፈታል፤ ሰኔ 30 ይዘጋል። አባላቱ ጉባኤው ሲዘጋ ወደየምርጫ ክልላቸው ሄደው የሕዝቡን አቤቱታ እንዲሰሙ ይጠበቃል። ቧንቧ የሚጠግን፣ መንገድ የሚጠርግ ሰው እንዳይመስላት፤ ያ የወረዳና የከተማው ሥራ ነው። አንድ ነገር ግን አይዝለሉ። ልጆች ሁሉ ጠቅላይ ሚኒስትሩን ሰው በቀጥታ የሚመርጠው ይመስላቸዋል። በእኛ ሥርዓት ጠቅላይ ሚኒስትር የሚመረጠው ከምክር ቤቱ አባላት መካከል፣ በአባላቱ ነው። እርሱም አስቀድሞ አንዲት ወንበር ማግኘት አለበት፤ ያችም ወንበር የአንድ ምርጫ ክልል ሰዎች ናት።

ታሪክ የምትወድ ከሆነ ይህን ያውሩላት። በ1923 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት ፓርላማ ነበረው፤ ሕዝቡ ግን አልመረጠም፤ ከሁለቱ ምክር ቤቶቹ የአንዱን አባላት ንጉሠ ነገሥቱ ይሾሙ ነበር፤ የሌላውን የሚመርጡት መኳንንቱና ሹማምንቱ ነበሩ። ሕዝቡ ራሱ እንዲመርጥ የተፈቀደው በ1948 ዓ.ም. በተሻሻለው ሕገ መንግሥት ነው። ምርጫ ክልልም በዚያው አብሮ መጣ። አገሪቱ ወደ 200 ሺህ የሚጠጋ ሰው በያዙ ስፍራዎች እንድትከፈልና እያንዳንዱ ሁለት ሁለት እንደራሴ እንዲልክ ተወሰነ፤ ከ30 ሺህ ሕዝብ በላይ የነበራቸው ከተሞች ደግሞ የራሳቸው እንደራሴ ተፈቀደላቸው። በ1950 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ሕዝቡ ለመጀመሪያ ጊዜ ወጥቶ መረጠ። በዚያ ምርጫ ካሸነፉት አንዷ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ነበሩ፤ መምህርት፣ ጸሐፊ፣ በፋሽስት ወረራ ዘመን በጣሊያን እስር የማቀቁ አርበኛ። ለኢትዮጵያ ፓርላማ የተመረጡ የመጀመሪያዋ ሴት እርሳቸው ናቸው። ለሴት ልጅ ይህን ስም ሳያነሡ ስለ ፓርላማ መናገር ጉድለት ነው።

አሁን ከልብ ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ። ምርጫ ክልል የሚሠራው በመራጮች ቁጥር አይደለም፤ በሕዝብ ቁጥር ነው። ይህ ለልጆች ትልቅ ነገር ነው። ድምፅ ለመስጠት 18 ዓመት፣ ለመወዳደር 21 ዓመት መሙላት ያስፈልጋል፤ ልጅዎ ለመምረጥ ዘጠኝ ዓመት ይቀራታል። ሕዝብ ሲቆጠር ግን ጡት የሚጠባውም እንደ ጎልማሳው አንድ ተብሎ ይቆጠራል። ወንበሮቹ የሚደለደሉት በዚያ ቁጥር ስለሆነ፣ ሕፃናት ሳይመርጡም የምርጫ ክልላቸውን ልክ ይወስናሉ ማለት ነው። ለልጆቹ «እናንተም ተቆጥራችኋል» ስላቸው ፊታቸው ይበራል።

ዛሬ ግን ይህን ልላቸው አልችልም። ሕገ መንግሥቱ የሕዝብ ቆጠራ በየአሥር ዓመቱ እንዲካሄድ፣ የምርጫ ክልሎችም በዚያው ውጤት ላይ ተመሥርተው እንዲወሰኑ ያዝዛል። በ1987 ዓ.ም. ሲቆጠር ሕዝቡ 53.5 ሚሊዮን ገደማ ነበር፤ ለ547 ብናካፍለው ለአንድ ወንበር በአማካይ ወደ 98 ሺህ ሰው ይደርሳል። በ1999 ዓ.ም. 73.9 ሚሊዮን ገደማ ሆነ፤ አንዲቷ ወንበር የ135 ሺህ ሰው ሆነች። ቀጣዩ ቆጠራ በተደጋጋሚ እየተራዘመ፣ ይህን እስከምጽፍበት ጊዜ ድረስ አልተካሄደም። የዘጠኝ ዓመት ልጅዎ በአገር አቀፍ ቆጠራ አንድም ቀን አልተቆጠረችም። ታላላቆቿም፣ ከ1999 በኋላ የተወለዱት ሁሉ አልተቆጠሩም፤ ከእነርሱ መካከል 18 ዓመት ሞልቷቸው ለመራጭነት የበቁ አሉ። ከተሞች አብጠዋል፣ ሰው ከገጠር ወደ ከተማ ፈልሷል፣ አንዳንዱ ምርጫ ክልል ሰው በሰው ሆኗል። በድሮው ቆጠራ የተሰፋ ልብስ ለዛሬው ሕዝብ ሊጠበው እንደሚችል ለማወቅ የሕግ ሊቅ መሆን አያስፈልግም። ይህን ለልጅዎ ምሬት ሳይጨምሩ ይንገሯት፤ ገና አልተቆጠርሽም፣ መቆጠር ግን መብትሽ ነው ይበሏት።

ክፍፍሉ ሁሉ በቁጥር ብቻ አለመሆኑንም ትወቅ። ሕገ መንግሥቱ የመቀመጫዎቹ ብዛት ከ550 እንዳይበልጥ ወስኖ፣ ቁጥራቸው አነስተኛ ለሆነ ብሔረሰቦች ከ20 የማያንስ መቀመጫ እንዲኖር አድርጓል። በጥቂት ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ከብዙ መቶ ሺህ ጋር በአንድ ሰሃን ቢደረግ ፍሬው አይታይም። እናት ለትንሹ ልጅ አስቀድማ ማጉረሷን አስታውሳ ልጅዎ ይህን በቀላሉ ትረዳዋለች።

«ሰው የሌለበት ወንበር አለ?» ካለችዎት አይሸፋፍኑ። ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በተጀመረው ስድስተኛው ጠቅላላ ምርጫ፣ ጦርነት ስለነበረ በትግራይ ድምፅ አልተሰጠም፤ የክልሉ 38 ወንበሮች ባዶ ቀሩ። በሌሎች አካባቢዎችም በጸጥታ ምክንያት ያልመረጡ ነበሩ። ባዶ ወንበር ማለት ስለ ጤና ጣቢያቸው፣ ስለ ትምህርት ቤታቸው፣ ስለ ሰላማቸው በዚያ አዳራሽ የሚናገርላቸው የራሳቸው ሰው የሌላቸው ሰዎች ማለት ነው። ልጆች በዚህ ከእኛ ቀድመው ያዝናሉ።

አንድ ልመና አለኝ። ስታስረዷት የየትኛውንም ፓርቲ ስም ማሸነፊያ ወይም ማሳፈሪያ አያድርጉት። ምልክቶቹን ግን ያሳዩአት፤ አምፖል፣ ሚዛን፣ በድሮው ጊዜ ንብ፣ ሁለት ጣት። ማንበብ የማይችል ሰውም ሳይሳሳት እንዲመርጥ የታሰቡ ናቸው። ከዚያ እርሷ የራሷን ተወዳዳሪ ትፍጠር፤ ምልክቱንም ትሣል።

በመጨረሻም፣ ባለፈው ምርጫ ተመዝግበው ከነበረና የመራጭነት ካርድዎን ካልጣሉት፣ ከሰነዶችዎ መካከል ፈልገው ያውጡት። ካርዱ ላይ ምርጫ ጣቢያዎና ምርጫ ክልልዎ ተጽፈዋል። ልጅዎ በጣቷ እየተከተለች ጮክ ብላ ታንብበው። የቤታችሁን ሰዎች የምትወክለው ወንበር የትኛዋ እንደሆነች ከዚያ ታገኛታለች።